በግግር በረዶ ውስጥ የተገኙት ብርድ ወዳድ ባክቴሪያዎች ታሪክ

(በሬዲዮ ከተሰጡት ትምህርታዊ ንግግሮች አንዱ)



ሙቀት የሕይወት፣ ብርድ ደግሞ የሞት ወገን ነው የሚለው አስተሳሰብ በሰው ልጅ ዘንድ እጅግ የቆየ ነው። ገበሬ ውርጭ የመታውን አዝመራ ሲያይ ያዝናል፤ የከተማ ሰው ሥጋውንና ወተቱን እንዳይበላሽበት በማቀዝቀዣ ውስጥ ያኖራል። ይህ ሁሉ ብርድ ሕይወትን የሚገታ ኃይል መሆኑን ያስተምረናል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሊቃውንት ሳይቀሩ፣ ዓመቱን ሙሉ በማይቀልጥ በረዶ ውስጥ ሕያው ነገር ሊኖርና ሊራባ አይችልም ብለው ለረጅም ዘመን ያምኑ ነበር። ይህ እምነት ትክክል አለመሆኑ የተገለጠው ቀስ በቀስ ነው። በዛሬው ንግግሬ ይህ እውነት እንዴት እንደ ተገኘ፣ በግግር በረዶ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም በምን ዓይነት ምርመራ ተለይተው ስም እንደሚወጣላቸው ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውሳለሁ።

በመጀመሪያ ግግር በረዶ ማለት ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በክረምት ከሰማይ ወርዶ ከጥቂት ሰዓት በኋላ የሚቀልጠው የኛ አገር በረዶ ከዚህ ጋራ አይቆጠርም። ግግር በረዶ የሚባለው፣ በዋልታዎች አካባቢና በረጃጅም ተራሮች ራስ ላይ በየዓመቱ የሚዘንበው አመዳይ ሳይቀልጥ ሌላው እየተደረበበት፣ የላይኛው የታችኛውን እየተጫነው፣ በብዙ ዘመን እንደ ድንጋይ የጠነከረና በራሱ ክብደት ቀስ እያለ የሚንሸራተት ታላቅ ክምችት ነው። በግሪንላንድ ውፍረቱ ከ3 ሺህ ሜትር፣ በአንታርክቲካ ደግሞ ከ4 ሺህ ሜትር የሚያልፍበት ቦታ አለ። በአፍሪካ ዛሬ ግግር በረዶ የሚገኘው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በርዌንዞሪ ብቻ ሲሆን፣ እሱም እየተመናመነ ነው። በአገራችንም በባሌና በስሜን ተራሮች ላይ በጥንት ዘመን ግግር በረዶ እንደ ነበረ፣ በሸለቆዎቹ ውስጥ የቀሩት የድንጋይ ክምሮች ይመሰክራሉ። በባሌ በረዶው ሰፍቶ የነበረው ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እንደ ሆነ የቅርብ ጊዜ ጥናት አሳይቷል።

ግግር በረዶ እንደ አንድ ታላቅ መዝገብ ቤት ሊቆጠር ይችላል። በየዓመቱ ከአመዳዩ ጋራ አብሮ የወረደው ትቢያ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ የአየር ጠብታና ነፋስ ያመጣው ረቂቅ ተሐዋስ ሁሉ በየንብርብሩ ታትሞ ይቀመጣል። የላይኛው ንብርብር የቅርብ ዘመን፣ የታችኛው የጥንት ዘመን ደብዳቤ ነው። ስለዚህ በረዶውን በመሰርሰሪያ ወደ ታች የሚቈፍር ሰው ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ኋላ እየተመለሰ ያነባል ማለት ነው።

በበረዶ ላይ ሕይወት መኖሩን ለዘመናዊው ሳይንስ በግልጽ ካስታወቁት ነገሮች አንዱ የቀይ በረዶ ነገር ነው። በ1818 ዓ.ም. ጆን ሮስ የተባለው ስኮትላንዳዊ የመርከብ አዛዥ ከአትላንቲክ ወደ ፓሲፊክ የሚያሳልፍ የሰሜን መንገድ ሲፈልግ በግሪንላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ሲያልፍ፣ ገደሎቹን የሸፈነው በረዶ ደም የመሰለ ቀለም ይዞ አየ። ሰዎቹም ከዚሁ በረዶ ቀድተው ወደ ሎንዶን ወሰዱ። ቀለሙ ከሰማይ ከወደቀ የብረት ድንጋይ የመጣ ነው ብለው የገመቱ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሮበርት ብራውን የተባለው የዕፀዋት ሊቅ መርምሮ ነገሩ ማዕድን ሳይሆን የአልጌ ወገን የሆነ ሕያው ተክል እንደ ሆነ አመለከተ። በኋላም ሌሎች ሊቃውንት ይህንኑ አጸኑት። ረቂቁ ተክል ቀይ ቀለሙን የሚያበጀው ኃይለኛውን የፀሐይ ብርሃን እንዲከላከልለት ነው።

ከዚህ በኋላ ግማሽ ምዕት ዓመት ሲያልፍ፣ በ1870 ዓ.ም. አዶልፍ ኤሪክ ኖርደንሼልድ የተባለው አሳሽ በግሪንላንድ ግግር በረዶ ላይ ሲጓዝ፣ በበረዶው ገጽ ላይ እንደ ብርጭቆ የተቀረጹ፣ በውኃ የተሞሉ አያሌ ጉድጓዶች አገኘ። በየጉድጓዱ ሥር ጥቁር ትቢያ ረግቶ ነበር። ይህንንም ትቢያ ከግሪክ ቋንቋ ቃል ወስዶ ክሪዮኮኒት ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም የበረዶ ትቢያ ማለት ነው። ከሱ ጋራ የነበረው ስቬን በርግረን የተባለው የዕፀዋት ምሁር ትቢያውን መርምሮ በውስጡ ረቂቃን አልጌዎች አገኘ። የጉድጓዱ አመጣጥም እንዲህ ነው፤ ጥቁር ነገር የፀሐይን ሙቀት ከነጭ ይልቅ አብዝቶ ስለሚቀበል ትቢያው ሥሩ ያለውን በረዶ እያቀለጠ ወደ ታች ይሰምጣል። በላዩ ውኃ ይቋጠራል፤ በውኃው ውስጥም ሕያዋን ይራባሉ። እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱ ነዋሪዎች ያሉት ትንሽ ኩሬ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ቦታ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የብዙ አዳዲስ ባክቴሪያዎች መገኛ እንደ ሆነ ወደ ኋላ እናያለን።

አልጌን በማይክሮስኮፕ መለየት ይቻላል፤ ቀለምና ቅርጽ አለውና። ባክቴሪያን መለየት ግን እጅግ የከበደ ሥራ ነው። የሆላንድ አገር ነጋዴ የነበረው አንቶኒ ቫን ሌውቨንሁክ ራሱ በሠራው ማጉያ መስተዋት ያያቸውን ረቂቃን ፍጥረቶች በ1676 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን በላከው ደብዳቤ ከገለጸ በኋላ፣ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ማየት እንጂ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማራባት አልተቻለም ነበር። ይህን ችግር ከፈቱት ሰዎች ዋነኛው ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ ነው። ኮኽ በጠንካራ ምግብ ላይ አንዱን ባክቴሪያ ከሌላው አርቆ ማብቀልን አስተማረ። ሆኖም በመጀመሪያ የተጠቀመበት ጀላቲን ሙቀት ሲነካው ይቀልጥበት ነበር። በ1881 ዓ.ም. ፋኒ ሄሰ የተባለች የአንድ ተመራማሪ ባለቤት፣ በወጥ ቤቷ ማርማላታ ለማርጋት የምትሠራበትን አጋር የተባለውን የባሕር አልጌ ውጤት ብትሞክሩትስ ብላ ሐሳብ ሰጠች። ሐሳቧም እስከ ዛሬ በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ይሠራበታል። በ1887 ዓ.ም. ደግሞ የኮኽ ረዳት የነበረው ዩሊየስ ፔትሪ ክዳን ያለውን ዝርግ ሳሕን አስተዋወቀ።

በዚያው በ1887 ዓ.ም. ለርእሳችን ከፍ ያለ ቁም ነገር ያለው ሌላ ጽሑፍ ታተመ። በአምስተርዳም ያስተምር የነበረው ዮሴፍ ፎርስተር፣ ከባሕር ዓሣ ላይ ያገኛቸው በጨለማ የሚያበሩ ባክቴሪያዎች በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ውኃ በሚረጋበት ልክ፣ ሳይሞቱ መራባታቸውን አስታወቀ። ብርድ ባክቴሪያን ሁሉ ሥራ ያስፈታል ይባል ለነበረው ሐሳብ ይህ ታላቅ እንቅፋት ሆነ። በ1902 ዓ.ም. ሽሚት ኒልሰን የተባለ ምሁር ለነዚህ ፍጥረቶች ሳይክሮፊል የሚለውን ስም ሰጣቸው። ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው ብርድ ወዳድ ማለት ነው።

በዚሁ ጊዜ ወደ ደቡብ ዋልታ የሚጓዙ መርከቦች ከመርከበኞቹ ጋራ ሐኪሞችን ይዘው ይሄዱ ነበር። ሐኪሞቹ በሽተኛ በማይኖርባቸው ቀኖች ፔትሪ ሳሕናቸውን ይዘው ወደ በረዶው ይወጣሉ። ከ1901 እስከ 1903 ዓ.ም. በቆየው የስዊድን ጉዞ ሐኪም የነበረው ኤሪክ ኤከለፍ የአየሩንና የአፈሩን ባክቴሪያ መረመረ። ባገኘው ውጤት አየሩ እጅግ ንጹሕ ሲሆን፣ አፈሩ ግን ሕያዋን እንዳሉበት ታወቀ። መርከባቸው በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመችባቸው፤ ተጓዦቹንም በ1903 ዓ.ም. የአርጀንቲና መርከብ ደርሳ አዳነቻቸው። ከ1911 እስከ 1914 ዓ.ም. በተደረገው የአውስትራሊያ ጉዞ የነበረው ሐኪም አርቺባልድ ማክሊን ደግሞ ከአመዳዩና ከበረዶው ራሱ ባክቴሪያ አግኝቶ ምርመራውን በ1918 ዓ.ም. አሳተመ። እነዚህ ሰዎች የነበሯቸው መሣሪያዎች ጥቂት፣ የሚሠሩበትም ቤት ነፋስ የሚያንቀጠቅጠው ዛኒጋባ ነበር። ያገኟቸው ተሐዋስያን ግን በበረዶው ውስጥ የሚኖሩ ባለቤቶች ናቸው ወይስ ነፋስና ሰው ያመጣቸው እንግዶች ናቸው ለሚለው ጥያቄ በቂ መልስ ለመስጠት አልቻሉም። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ የሥራው ሁሉ ቍልፍ ነው።

ሌላም ክርክር ነበር። ብርድን የሚችለውና ብርድን የሚወደው አንድ ናቸውን? በ1975 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሪቻርድ ሞሪታ ይህን በቍጥር ወሰነው። በሱ አከፋፈል፣ እውነተኛው ብርድ ወዳድ በዜሮ ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች የሚያድግ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ሙቀት ከ15 ዲግሪ የማይበልጥ፣ ከ20 ዲግሪ በላይ ግን የማይራባ ነው። ከዚህ በላይ ባለው ሙቀት እየተራባ ብርዱንም የሚችለው ብርድ ታጋሽ ይባላል። ብርድ ታጋሹን እናንተም በቤታችሁ ታውቁታላችሁ፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ ብዙ ቀን የሰነበተ ወተት የሚበላሸው በሱ ምክንያት ነው። እውነተኛው ብርድ ወዳድ ግን በእጅ መዳፍ ሙቀት እንኳ የሚጎዳ ነውና፣ ብዙ ጊዜ ተመራማሪው ገና ሳያየው በላቦራቶሪው ሙቀት ይሞትበታል። በቀድሞ ዘመን ብዙዎቹ ሳይገኙ የቀሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ፍጥረቶች ከብርዱ ጋራ ተስማምተው የሚኖሩት እንዴት ነው? ቅቤ በብርድ ሲረጋ፣ የኑግ ዘይት ግን ፈሳሽ እንደ ሆነ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን። የባክቴሪያ ገላ የተሸፈነበት ስስ ሽፋን ከስብ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ብርድ ወዳዶቹ ሽፋናቸውን እንደ ዘይት ከማይረጋው የስብ ዓይነት ይሠሩታል። በገላቸው ውስጥ ሥራን የሚያፋጥኑት ኤንዛይም የተባሉት ፕሮቲኖችም በብርድ እንዳይደርቁ ለስላሳና ተጣጣፊ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ይህ ለስላሳነት በብርድ ጊዜ ጥቅም፣ በሙቀት ጊዜ ጥፋት ነው፤ ትንሽ ሙቀት ሲጨመር ቅርጻቸው ይፈርሳልና። አንዳንዶቹ ደግሞ የበረዶ ፍሬ እንዳያድግ የሚከላከል ፕሮቲን ያበጃሉ። በጠንካራው በረዶ ውስጥ እንኳ በፍሬዎቹ መካከል ጨው የበዛበት፣ ያልረጋ፣ ከፀጉር የቀጠነ የውኃ ሥር አለ፤ ሊቃውንትም ሕያዋኑ በዚህ ጠባብ መንገድ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ ይላሉ።

አሁን ወደ ስም አወጣጡ እንምጣ። በቀድሞው ልማድ አንድ ባክቴሪያ የሚለየው በቅርጹ፣ በሚበላው ምግብና የዴንማርኩ ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 ዓ.ም. ባሳወቀው ቀለም የመንከር ዘዴ ነበር። ነገር ግን ሁለት በትር የመሰሉ ባክቴሪያዎች በመልክ ፍጹም እየተመሳሰሉ በዘር እንደ ዶሮና እንደ በሬ የተራራቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህም የተነሣ አንዱ ፍጥረት በየአገሩ ብዙ ስም ይዞ፣ ብዙ ፍጥረትም በአንድ ስም ተጠርቶ መዝገቡ ሁሉ ተዘባረቀ። ይህን ለማስተካከል ሊቃውንት ተስማምተው ከጥር ወር 1980 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የሚጸና አንድ የስሞች ዝርዝር አወጡ። በዝርዝሩ ያልገባው አሮጌ ስም ሁሉ ተሰረዘ፤ አዲስ ስምም በታወቀ ሥርዓት ካልሆነ በቀር አይጸናም ተባለ።

ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1977 ዓ.ም. ካርል ዎውዝ የተባለው አሜሪካዊ ሌላ በር ከፍቶ ነበር። በሕያው ፍጥረት ሁሉ ገላ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራ ሪቦዞም የሚባል ረቂቅ መሣሪያ አለ። ይህን መሣሪያ ከሚያበጁት ክፍሎች በባክቴሪያ ዘንድ 1,500 የሚያህሉ ፊደሎች ያሉት አንዱ ክፍል በብዙ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ በጣም ቀስ እያለ ስለሚለወጥ፣ የሁለት ባክቴሪያዎችን ዝምድና ፊደል በፊደል አስተያይቶ መለካት ይቻላል። ሊቃውንት የዘር ሐረግ ቈጣሪ ሽማግሌ አገኙ ማለት ነው። በመጀመሪያ ልዩነቱ ከመቶ ሦስት ሲያልፍ ዝርያው ሌላ ነው ይባል ነበር፤ በኋላ ወሰኑ ጠብቆ ከመቶ አንድ ነጥብ ሦስት ያህል ሆነ። ዛሬ ደግሞ የሁለቱ ዘረ መል በሙሉ ይነጻጸራል፤ ተመሳሳይነቱም ከመቶ 95 ወይም 96 በታች ከሆነ እንደ ልዩ ዝርያ ይቈጠራል።

ፊደሉን ማንበብ ብቻውን ግን ስም አያሰጥም። ተመራማሪው ባክቴሪያውን በሕይወት አራብቶ በምን ያህል ሙቀት እንደሚያድግ፣ ምን እንደሚመገብ፣ የስቡና የሽፋኑ ዓይነት ምን እንደ ሆነ መግለጽ አለበት። ዘሩንም በሁለት ልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ የባክቴሪያ ማኅደሮች ማስቀመጥ ይገባዋል። ከዚያም በላቲን ሰዋስው የተዘጋጀው ስም ለዚሁ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ መጽሔት ሲታተም ወይም በዝርዝሩ ሲመዘገብ ይጸናል። ይህ ሥርዓት የሚያስደንቅ ጥበብ አለበት። አንድ ባለሥልጣን ማስረጃው በእጁ ሳይኖር መዝገብ እንደማይዘጋ ሁሉ፣ ሳይንስም ሌላው ሰው ሄዶ ሊመረምረው የማይችለውን ነገር እንደ ተረጋገጠ አይቀበልም። በማኅደር የተቀመጠው ሕያው ዘር ለዘለዓለሙ የስሙ ምስክር ነው።

በዚህ መንገድ ከተሰየሙት አንዱ በኦስትሪያ አገር የተገኘው ነው። በኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሮዛ ማርገዚንና ጓደኞቻቸው፣ ቀደም ብለን ከጠቀስነው ከክሪዮኮኒት ትቢያ፣ ከአልፕስ ተራሮች ግግር በረዶ ላይ ወስደው አንድ ባክቴሪያ አራቡ። ከ1 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት በደንብ የሚያድግ ስለ ሆነ ከብርድ ታጋሾቹ ወገን ይቈጠራል። በ2003 ዓ.ም. ፔዶባክተር ክሪዮኮኒቲስ ተብሎ ተሰየመ። ኖርደንሼልድ በ1870 ዓ.ም. ለትቢያው ያወጣው ስም ከ133 ዓመት በኋላ በትቢያው ውስጥ ለሚኖረው ፍጥረት መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የቻይና ተመራማሪዎች በቲያንሻን ተራሮች ካለው አንደኛ ቍጥር ከሚባለው ግግር በረዶ ሁለት የፍላቮባክተሪየም ዝርያዎችን አሳወቁ። አንደኛው በአገሩ በሺንጂያንግ ስም ሲጠራ፣ ሁለተኛው ብዙ ዓይነት ምግብ ስለሚመገብ ኦምኒቮሩም፣ ማለትም ሁሉን በላተኛ ተባለ።

ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥትን የሚያስተምረው ግን የግሪንላንዱ ታሪክ ነው። አሜሪካውያን በ1993 ዓ.ም. በግሪንላንድ ግግር በረዶ ጫፍ ላይ ከ3,050 ሜትር በላይ ሰርስረው እስከ አለቱ ደረሱና የበረዶውን ዓምድ በቁራጭ በቁራጭ አወጡ። ከ3,042 ሜትር ጥልቀት የወጣው ቁራጭ 120 ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ነበር። በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ጄኒፈር ላቭላንድ ከርትስ፣ ቫንያ ሚቴቫና ጂን ብሬንችሊ ይህን በረዶ አቅልጠው፣ ተራው ባክቴሪያ በማያልፍበት እጅግ ጠባብ ወንፊት አጠለሉት። በወንፊቱ ያለፉትን ጥቃቅን ሕዋሳት በ2 ዲግሪ ብርድ ሰባት ወር፣ በኋላም በ5 ዲግሪ አራት ወር ተኩል አቈዩአቸው። ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በሳሕኑ ላይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቡናማ ጠብታ ታየ። ሕዋሱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ይህም በ2009 ዓ.ም. ሄርሚኒሞናስ ግላሲኤይ፣ የበረዶው ሄርሚኒሞናስ፣ ተብሎ ወደ መዝገቡ ገባ። ተመራማሪዎቹ በሁለተኛው ወር ተስፋ ቈርጠው ሳሕኑን ቢጥሉት ኖሮ ዛሬ ስሙ አይታወቅም ነበር። የትንሽነቱም ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የሚታመነው፣ በጥልቁ በረዶ ውስጥ ባሉት ጠባብ የውኃ ሥሮች ለመኖርና ጥቂቱን ምግብ በቀላሉ ለመውሰድ እንዲመች ነው።

ይህን ስል ግን ከበረዶ የተገኘ ሁሉ የበረዶ ነው ማለቴ አይደለም። መሰርሰሪያው፣ ጉድጓዱ እንዳይደፈን የሚፈስበት ፈሳሽ፣ የሠራተኛው እጅና እስትንፋስ ሁሉ የራሳቸውን ባክቴሪያ ይዘው ይመጣሉ። በአንታርክቲካ በሩሲያው ቮስቶክ ጣቢያ የሆነው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በጣቢያው ሥር ከ3,700 ሜትር በላይ በሆነ በረዶ የተሸፈነ ታላቅ ሐይቅ አለ። ሩሲያውያን ብዙ ዓመት ሰርስረው በየካቲት 2012 ዓ.ም. ወደ ሐይቁ ደረሱ፤ ጉድጓዱ ግን እንዳይዘጋ ከኬሮሲን ጋራ የተቀላቀለ ፈሳሽ የተሞላበት ነበር። በ2013 ዓ.ም. ከዚያ ከታወቀ ዝርያ ጋራ የማይመሳሰል ባክቴሪያ ዘረ መል ተገኘ የሚል ዜና ሲወጣ፣ ከፈሳሹ የመጣ ነው ወይስ ከሐይቁ በሚል ከባድ ክርክር ተነሣ። ስለዚህ ዛሬ ጠንቃቃ ላቦራቶሪዎች የበረዶውን ዓምድ የውጪ ገጽ ቀርፈው ይጥላሉ፤ መካከሉን ብቻ በንጹሕ ክፍል ያቀልጣሉ። አንዳንዶቹም የውጪውን ገጽ ሆን ብለው በታወቀ ባክቴሪያ ይቀቡና፣ ያ ባክቴሪያ በመካከሉ ውኃ ውስጥ ከተገኘ ሥራቸውን ሁሉ ውድቅ ያደርጉታል። በራስ ሥራ ላይ አስቀድሞ ምስክር ማቆም ከማታለልም ከመታለልም የሚያድን ልማድ ነው።

የሥራው ስፋት ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያሳየን ደግሞ በ2022 ዓ.ም. የታተመው የቲቤት ጥናት ነው። የቻይና ምሁራን ከሌላ አገር ጓደኞቻቸው ጋራ በቲቤት አምባ ከሚገኙ 21 ግግር በረዶዎች የሰበሰቡትን መርምረው 968 ዝርያዎች ለዩ። ከነዚህም ከመቶ ሰማንያ የሚበልጡት ከዚያ በፊት ለሳይንስ ያልታወቁ ነበሩ። ብዙዎቹ በሳሕን ላይ ለመብቀል እምቢ ያሉ፣ በዘረ መላቸው ብቻ የታወቁ ናቸው። እንግዲህ ሕያው ዘር ካልቀረበ ስም አይጸናም በሚለው ሥርዓት እነዚህ ስም የለሽ ሆነው ሊቀሩ ነው። በዚሁ በ2022 ዓ.ም. አንዳንድ ሊቃውንት ዘረ መሉ በሙሉ የተነበበ እንደ ሆነ ስም እንዲጸናለት የሚፈቅድ ሌላ ሕግ አውጥተዋል፤ ሕያው ምስክር ይቅረብ የሚሉት ደግሞ በቀድሞው ሥርዓት ጸንተዋል። ሁለቱም ወገኖች በቂ ምክንያት አላቸው። አንደኛው ጊዜ እንዳያልፍ ይፈራል፤ ሁለተኛው ማስረጃ እንዳይጎድል ይፈራል።

ምናልባት ከአድማጮቼ አንዱ፣ በዐይን የማይታይ የሩቅ አገር ነፍስ ስም ቢያገኝ ባያገኝ ለኛ ምን ይጠቅመናል ይል ይሆናል። ጥቅሙ ብዙ ነው። በብርድ የሚሠሩ ኤንዛይሞች ልብስን ውኃ ሳይሞቅ ለማጠብ በሚያገለግሉ ሳሙናዎች ውስጥ ይገባሉ፤ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ሳያሞቁ ለመከፋፈልም ይጠናሉ። በብርድ አገር በአፈር ላይ የፈሰሰ ዘይትን የሚያጠፉ ባክቴሪያዎችም ተገኝተዋል። አደጋውንም ቢሆን በልኩ ማየት ይገባል። ከበረዶ የሚወጣ ሁሉ ወረርሽኝ ነው የሚል ወሬ አንዳንድ ጊዜ ይሰማል፤ ነገር ግን በ20 ዲግሪ መራባቱን የሚያቆም እውነተኛ ብርድ ወዳድ በ37 ዲግሪ የሰው ገላ ውስጥ ሊኖር አይችልም። ሆኖም በበረዶ ውስጥ ብርድ ታጋሾችና ነፋስ ያመጣቸው እንግዶችም ስላሉ፣ የቲቤቱም ጥናት በሽታ ለማምጣት ሊያግዙ የሚችሉ ዘረ መሎች ማየቱን ስለ ገለጸ፣ ማን ማን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ከፍርሃትም ከቸልተኝነትም ይሻላል። ያልተመዘገበ እንግዳ ወዳጅ ይሁን ጠላት አይታወቅም።

ነገሩን የሚያስቸኩለው ግን መዝገብ ቤቱ ራሱ በመፍረስ ላይ መሆኑ ነው። የምድር ሙቀት በመጨመሩ ግግር በረዶዎች በዓለም ሁሉ እየቀለጡ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም የ2025 ዓ.ም. የግግር በረዶ ጥበቃ ዓመት እንዲሆን ወስኖ ነበር። ሕያዋኑም ለመቅለጡ የበኩላቸውን ያደርጋሉ፤ ቀለማቸው በረዶውን ስለሚያጠቁረው ፀሐይን አብዝቶ ይቀበላል። ከአውሮፓ የተነሡ ሊቃውንት ይህን አይተው በ2015 ዓ.ም. የበረዶ ትዝታ የተባለ ሥራ ጀመሩ። በ2016 ዓ.ም. ከሞን ብላን ተራራ፣ በ2017 ዓ.ም. በቦሊቪያ ከኢሊማኒ ተራራ የበረዶ ዓምዶችን አወጡ። ዓላማቸውም ዓምዶቹ በአንታርክቲካ በበረዶ ውስጥ በተቈፈረ ዋሻ ተቀምጠው፣ ገና ያልተወለዱ ተመራማሪዎች በተሻለ መሣሪያ እንዲመረምሯቸው ነው።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ከጆን ሮስ ቀይ በረዶ አንሥቶ እስከ ሦስት ሺህ ሜትር ጥልቀት ድረስ፣ ሕይወት የለም በተባለበት ቦታ ሁሉ ሕይወትን ያገኙት በረዶው ባዶ ነው ብለው አስቀድመው ያልፈረዱ ሰዎች ናቸው። ያገኙትንም ያጸኑት ወር ቈጥረው በመጠበቅ፣ የራሳቸውን ሥራ በመጠራጠርና ምስክሩን ለሌላው እንዲታይ አድርገው በማስቀመጥ ነው። ዛሬ በረዶው ከሚቀልጥበት ፍጥነት ጋራ ሲነጻጸር የስም አውጪዎቹ ሥራ አዝጋሚ ነው፤ ሥራው ሳይታክት ሊቀጥል የሚገባውም ስለዚሁ ነው። ተመዝግቦ ዘሩ የተቀመጠ ፍጥረት መኖሪያው ቢጠፋ እንኳ ከሰው እውቀት አይጠፋም፤ ሳይመዘገብ ከበረዶው ጋራ ቀልጦ ወደ ባሕር የፈሰሰውን ግን ማንም ሊፈልገው አይችልም፤ መኖሩ አልታወቀምና።